ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ ነጂውስ?

በአንድ ቲ 55 ታንክ ውስጥ አራት ወታደሮች ይሠራሉ። አዛዥ፣ ተኳሽ፣ አጉራሽና ነጂ ይባላሉ። ሦስቱ ከላይ፣ ከመድፉ ጋር አብሮ በሚዞረው ክፍል ውስጥ ተጠጋግተው ሲቀመጡ ነጂው ከፊት በስተግራ፣ ከእነርሱ ዝቅ ብሎ ብቻውን ይቀመጣል። ውጊያ ተጀምሮ መክደኛው ከራሱ በላይ ሲዘጋ፣ ሰፊው ሜዳ ለእርሱ በጠባብ መመልከቻ በኩል የሚታይ ቁራጭ መሬት ብቻ ይሆናል። ወዴት እንደሚታጠፍ፣ የት እንደሚቆም የሚነግረው በጆሮው ማዳመጫ የሚመጣው የአዛዡ ድምፅ ነው። አዛዡ ዒላማውን ይመርጣል፤ አጉራሹ ጥይቱን ያጎርሳል፤ ተኳሹ አነጣጥሮ ይለቀዋል፤ ነጂው ደግሞ ሦስቱንም ከነመድፋቸው ወደ ስፍራው ያደርሳል። መድፉ ከተተኮሰ በኋላ የአንድ ቤት ግድግዳ ቢፈርስ፣ በቤቱም ውስጥ ሰው ቢኖር፣ ሥራው ከአራቱ የማንኛው ነው ይባላል?

ይህ ጥያቄ ሲነሣ የሰው ዐይን ቶሎ የሚያርፈው በአዛዡና በተኳሹ ላይ ነው። አንዱ አዝዟል፤ ሌላው ተኩሷል። ነጂውን የሚያስበው ጥቂት ሰው ነው። የአማርኛ ተረትም ከነጂው ጎን የቆመ ይመስላል፤ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላልና። ተረቱ የሚነገረው ለፈረሰኛው ነው። ጥሩ ፈረስ አለኝ ብሎ ለሚመካ ሰው፣ የፈረሱ ፍጥነት የሚያገለግለው እስከ ውጊያው ሜዳ ድረስ ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚፈለገው የሰውየው የራሱ ልብ መሆኑን ያስታውሰዋል። ምክሩ ሲገለበጥ ግን ፍርድ ይሆናል። ፈረሱ ካልተዋጋ በድሉ አይመሰገንም፤ በጥፋቱም አይጠየቅም። በጦር ሠራዊት ውስጥ የጭነት መኪና፣ ብረት ለበስ፣ ታንክ፣ ቡልዶዘር ወይም የነዳጅ ቦቴ ሲያንቀሳቅስ የኖረ ሰው ስላለፈው ዘመኑ ሲጠየቅ ሊሰጥ የሚችለው የመጀመሪያ መልስም ይኸው ነው፤ «እኔ አደረስኩ እንጂ አልተኮስኩም።»

የሚገርመው፣ ተረቱን የፈጠረው ኅብረተሰብ ራሱ ለተረቱ ሙሉ በሙሉ አለመታመኑ ነው። በቀድሞው ዘመን ታላቅ የጦር ሰው የሚጠራው በፈረሱ ስም ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። አይዋጋም የተባለው ፈረስ ለተዋጊው ስም ሰጠው። ከክብሩ ተካፋይ የሆነውን ፈረስ ከደሙ ብቻ ነጻ ነው ማለት እንግዲህ ያስቸግራል። ሆኖም ፈረሱ አንድ የማያጠያይቅ መከላከያ አለው። ወዴት እንደሚሄድና ለምን እንደሚሄድ አያውቅም፤ ልጓሙም በሌላ ሰው እጅ ነው። የዘመናችን ነጂ ግን ልጓሙን የያዘው ራሱ ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋው ራሱ ጥያቄውን ያጠብቀዋል። አማርኛ ነጂው የሚጨብጠውን ክብ ነገር «መሪ» ይለዋል፤ ሕዝብን ወይም ጦርን የሚያዝዘውንም ሰው «መሪ» ይለዋል። መሪ የጨበጠው ሰው መሪ አይደለም፤ መሪ የሆነውም ሰው መሪ አይጨብጥም፤ ከጎን ወይም ከኋላ ወንበር ይቀመጣል። እጅ በአንድ ቦታ፣ ፈቃድ በሌላ ቦታ ሲሆን ኃላፊነቱ ወዴት ይሄዳል? ያው ቋንቋ ደግሞ በጥፋት የተካፈለን ሰው «እጁ አለበት» ይላል። የነጂውም እጅ ከጉዞው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ከመሪው ላይ አይነሣም።

መኪናና ጦርነት በዚህ የአፍሪካ ክፍል ታሪካቸው የተያያዘ ነው። በኤፕሪል 1936 መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ፣ ከ1,500 የሚበልጡ ተሽከርካሪዎች ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ ተከትለው ተጓዙ። ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተቆርጦ ስለ ነበር ወታደሮቹ እየወረዱ መንገድ ሲጠግኑና መኪና ሲገፉ ዋሉ፤ አደሩም። ሜይ 5 ቀን ከተማዋ ተያዘች። ከዚያ ጉዞ በታሪክ መጻሕፍት ስሙ የቀረው ማርሻሉ ነው፤ የነጂዎቹን ስም የሚያነሣ የለም። ሆኖም ያለ እነርሱ ከተማዋ በዚያ ቀን አትያዝም ነበር። ወራሪው ከአምስት ዓመት በኋላ ሲባረር ቃላቱን ጥሎ ሄደ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፓራፋንጎ እያለ የሚሠራ የዛሬ ሾፌር በአፉ የሚያላምጠው ጣሊያንኛ ነው። «ማርሽ» የሚለው ቃል ደግሞ የሞተሩን ጥርስም፣ የወታደሩን የሰልፍ ሙዚቃም በአንድነት ይጠራል። ቃሉ መንዳትና መዝመት ምን ያህል እንደተቀራረቡ ሳያውቅ የሚመሰክር ይመስላል።

ከዚያም ወዲህ በአፍሪካ ቀንድ ጦርነት ተነሥቶ ነጂ ያልተፈለገበት ጊዜ የለም። በ1977 እና በ1978 በኦጋዴን ጦርነት ከሶቪየት ኅብረት በብዛት የገቡት የጭነት መኪኖች፣ ታንኮችና ብረት ለበሶች በአጭር ጊዜ የሚነዳቸው ሰው ይሹ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ በተካሄደው የሰፈራ ዘመቻ ወደ 600,000 የሚጠጉ ሰዎች ከሰሜን ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲጓጓዙ፣ ከአውሮፕላኖቹ ሌላ ሥራው የወደቀው በጭነት መኪናና በአውቶቡስ ነጂዎች ላይ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሶማሊያ ከኋላው ከባድ መሣሪያ የተጠመደበት ፒክ አፕ «ቴክኒካል» የሚል ስም አወጣ። ስሙ የመጣው የእርዳታ ድርጅቶች ለታጣቂ አጃቢዎች የሚከፍሉትን ገንዘብ «ቴክኒካል ድጋፍ» ብለው በሒሳብ ይመዘግቡት ስለ ነበር ነው ተብሎ በሰፊው ይነገራል። ነገሩ እንደሚነገረው ከሆነ ትምህርት አለበት፤ ጠመንጃው ወደ ሒሳብ መዝገብ ሲገባ የጠመንጃነት ስሙን አወለቀ። ነጂም እንዲሁ ነው። «ማጓጓዝ» በሚለው ቃል ውስጥ ሲገባ ምን እንዳጓጓዘ ይረሳል።

እንግዲህ አንድ ነጂ በሐሳብ ይቅረብ። ዕድሜው ሃያ ሁለት ነው፤ መንዳት የተማረው በሠራዊቱ ውስጥ ነው፤ የሚነዳው ኦራል ነው። ጠዋት ጠዋት ዘይትና ውኃ ያያል፤ ጎማ ይፈትሻል፤ ነዳጅ ይለካል። በቅፈላ ሲጓዝ ከፊቱ ካለው መኪና የታዘዘውን ርቀት ይጠብቃል። አንድ ሌሊት መብራት ሳያበራ እንዲነዳ ይታዘዛል። ከኋላው በሸራ የተሸፈነ ጭነት አለ። ጥይት ሊሆን ይችላል፤ ዱቄት ሊሆን ይችላል፤ ሰው ሊሆን ይችላል። አይነግሩትም፤ እርሱም አይጠይቅም። ጎህ ሳይቀድ ከአንድ ገደል አፋፍ ደርሰው ያራግፋሉ፤ እርሱ ከጋቢናው አይወርድም። ከዓመታት በኋላ በዚያ ሌሊት የሆነው ነገር በአደባባይ ሲነገር «አላውቅም ነበር» ይላል። የነጂው የመጀመሪያው መከላከያ ይህ ነው።

ምናልባት አልዋሸም። ነገር ግን አለማወቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ያልተገለጠለት ሰው አለማወቅ ሲሆን ሁለተኛው እንዳይገለጥለት ፊቱን ያዞረ ሰው አለማወቅ ነው። ሁለተኛውን አማርኛ «አይቶ እንዳላየ» ይለዋል። በዚህ ረገድ ነጂ ከሌላው ሰው ይልቅ ማመኻኛው ጠባብ ነው፤ ጭነቱን በጆሮውና በወገቡ የሚያውቅ ሰው ነውና። ዳገቱ በስንተኛ ማርሽ እንደሚወጣ፣ ቁልቁለቱ ስንት ጊዜ ፍሬን እንደሚያስረግጥ ጭነቱ ራሱ ይነግረዋል። ጆንያ ከተደለደለ በኋላ ዝም ብሎ ይሄዳል። ሰው ግን ጥምዝ ላይ ይገፋፋል፤ ጉድጓድ ላይ ይጮኻል፤ ሲቆም እግሩን ይቀይራል። ከኋላ ያለው ዱቄት ይሁን ሰው፣ ነጂው በመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ያለው አለማወቅ የተመረጠ አለማወቅ ነው።

የጦርነት ሕግ ይህንኑ ጉዳይ በርቀት ሊለካው ሞክሯል። ወታደር የሆነ ነጂ እንደማንኛውም ተዋጊ ይቆጠራል። አስቸጋሪው ሲቪሉ ነው። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በ2009 ባወጣው የትርጓሜ መመሪያ፣ ጥይት ጭኖ በግንባር በመተኮስ ላይ ወዳለ ምሽግ የሚያደርስ ሲቪል ነጂ በውጊያው በቀጥታ እንደተሳተፈ ይቆጠራል። ያንኑ ጥይት ከፋብሪካ ወደ ወደብ የሚያመላልሰው ግን ከውጊያው የራቀ ነው፤ መኪናው ሊመታ የሚችል ዒላማ ቢሆንም እርሱ ራሱ ሲቪልነቱን አያጣም። ሰውየው አንድ፣ ጥይቱ አንድ፣ ሙያው አንድ ሆኖ ሳለ የለያቸው ኪሎ ሜትሩ ነው። ሕግ ድንበር ማስመር ስላለበት ይህን ማድረጉ አያስነቅፈውም። ሕሊና ግን በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም። ሩቅ ሆኖ ሁሉን የሚያውቅ ነጂ አለ፤ ቅርብ ሆኖ ምንም የማያውቅም አለ።

ፍርድ ቤቶች ራሳቸው በነጂ ጉዳይ ሲቸገሩ ታይተዋል። የመናዊው ሳሊም ሐምዳን የኦሳማ ቢን ላደን ሾፌር ነበር። በ2001 መጨረሻ አፍጋኒስታን ውስጥ ተይዞ ወደ ጓንታናሞ ተወሰደ። በ2008 የአሜሪካ ወታደራዊ ኮሚሽን ከሤራ ክስ ነጻ ሲያወጣው ለሽብር ድጋፍ በመስጠት ግን ጥፋተኛ ነው ብሎ የ66 ወራት እስራት ፈረደበት። የታሰረበት ጊዜ ተቆጥሮለት በዚያው ዓመት ወደ የመን ተመለሰ። በ2012 ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ድርጊቱ በተፈጸመበት ጊዜ «ድጋፍ መስጠት» በዓለም አቀፍ ሕግ የጦር ወንጀል አልነበረም በማለት ፍርዱን ሻረው። ከዚያ ስድሳ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጁላይ 1946፣ የሂትለር ሾፌር የነበረው ኤሪክ ኬምፕካ በኑረንበርግ ችሎት ፊት ቆሞ ነበር። የቆመው ግን በተከሳሽነት ሳይሆን በምስክርነት ነው። የተጠየቀውም ማርቲን ቦርማንን ለመጨረሻ ጊዜ የት እንዳየው ነበር። አንዱ ሾፌር ተከሰሰ፤ ሌላው መሰከረ። ይህ ልዩነት ወደ ኋላ የሚያስፈልግ ስለሆነ እዚህ ላይ ይያዝ።

የነጂው ሁለተኛው መከላከያ «ታዝዤ ነው» የሚለው ነው። ወታደራዊ ሕይወት ያለ ትእዛዝ አይቆምም፤ መንገድ በታጠፈ ቁጥር የሚከራከር ነጂ ቅፈላውን ሁሉ ያስመታል። ነገር ግን መታዘዝ ወሰን እንዳለው ዓለምም አገርም ተቀብለውታል። በ1961 ኢየሩሳሌም ላይ ለፍርድ የቀረበው አዶልፍ አይክማን ራሱን የተከላከለው እርሱ ማጓጓዣ ሲያሰናዳ የነበረና ትእዛዝ የፈጸመ ሰው እንጂ ገዳይ አለመሆኑን በመናገር ነበር። ባቡሮቹ የት እንደሚደርሱ ያውቅ ነበርና መከላከያው አልሠራለትም። በ2004 የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም የትእዛዙን ወንጀልነት እያወቀ የፈጸመ የበታች ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ በግዴታው ምክንያት ለማምለጥ የማይችል ከነበረ ደግሞ ለፍርድ ቤቱ ቅጣት የማቅለል ሥልጣን ይሰጠዋል። ሕጉ በዚህ ረገድ ሰውን የሚያውቅ ሕግ ነው። ጥፋቱን አይሰርዝም፤ ፍርሃቱንም አይክድም።

ይሁን እንጂ በተግባር ነጂ በሕግ ዐይን ውስጥ የመውደቅ ዕድሉ ትንሽ ነው። በ1992 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ልዩ ዓቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት በደርግ ዘመን የተፈጸመውን ወንጀል ሲመረምር ተጠርጣሪዎችን በሦስት መደባቸው፤ ፖሊሲ አውጪና ውሳኔ ሰጪ የነበሩ፣ ውሳኔውን ተቀብለው ያስተላለፉ፣ በእጃቸው የፈጸሙ። ምደባው በብዙ መልኩ ትክክል ነው። ነገር ግን በ1977 እና በ1978 በቀይ ሽብር ሌሊቶች ከእስር ቤት ደጃፍ የተነሡት መኪኖች ራሳቸውን አልነዱም። የነዳቸው ሰው አልወሰነም፤ ትእዛዝ አላስተላለፈም፤ በእጁም አልገደለም። በሦስቱ መደቦች መካከል ባለው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። መኪናውን ጋራዥ መልሶ፣ ቁልፉን አስረክቦ፣ ቤቱ ገብቶ ተኝቷል።

ከዚህ ወዲያ የማይታለፍ ዳርቻም አለ። ከ1941 መጨረሻ ጀምሮ በተያዘችው ፖላንድ፣ ቼልምኖ በተባለ ስፍራ፣ ናዚዎች የሞተሩ ጭስ ወደ ተዘጋው የጭነት ክፍል እንዲገባ በተሠሩ መኪኖች ሰዎችን ይገድሉ ነበር። በዚያ መኪና ውስጥ ማድረስና መግደል አንድ ሆኑ፤ ሞተሩን ማስነሣት ራሱ መግደል ነበርና። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በቦን ከተማ በተካሄደው ችሎት ከተፈረደባቸው መካከል ከእነዚህ መኪኖች የአንዱ ነጂ የነበረ ሰው ይገኝበታል። በዚህ ዳርቻ ላይ ተረቱ ምንም አያገለግልም። ከቼልምኖ ነጂ ወደ ወደብ ሠራተኛው ነጂ የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው፤ ቢሆንም አንድ መንገድ ነው። እያንዳንዱ ነጂ በዚያ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ቆሟል፤ የት እንደቆመ የመጠየቅ ግዴታም አለበት።

ሦስተኛው መከላከያ ከሁሉ ይልቅ ብልህ ይመስላል፤ «እኔ ባልነዳው ሌላ ይነዳው ነበር።» እውነት ሊሆን ይችላል። ግን አባባሉ የሚናገረው ስለ ዓለም ነው፤ ስለ ተናጋሪው የሚናገረው ነገር የለውም። በታንኩ ውስጥ ያሉት አራቱም ይህን ቢሉ አራቱም እውነት ተናግረዋል፤ ቤቱ ግን ፈርሷል። የሆነን ነገር ማንም አላደረገውም ወደሚል መደምደሚያ የሚያደርስ አባባል የሆነ ቦታ ጉድለት አለበት። ጉድለቱን ለማየት አባባሉን በተቃራኒው መሞከር ይበቃል። ቁስለኛ ከግንባር ጭኖ ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ ሆስፒታል ያደረሰ ሾፌርን የቁስለኛው እናት ብታመሰግነው «እኔ ባልነዳ ሌላ ይነዳ ነበር፤ ምስጋናው አይገባኝም» አይላትም። ምስጋናውን ይቀበላል፤ መቀበሉም ተገቢ ነው። በመልካሙ ጉዞ ራሱን የማይተካ አድርጎ፣ በክፉው ጉዞ ግን በማንም የሚተካ አድርጎ ማቅረብ አንድን መሪ በሁለት ሚዛን መመዘን ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ነጂውን ከሩቅ ሆኖ መውቀስ ቀላል መሆኑ መዘንጋት የለበትም። መንገድ ላይ በተቀበረ ፈንጂ መጀመሪያ የሚያልፈው የእርሱ ጎማ ነው። በ2007 ወደ ሶማሊያ በገባው የአፍሪካ ኅብረት ተልእኮ ውስጥ ያገለገለውን ካስፒር የተባለ ተሽከርካሪ ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። የተሽከርካሪው ሆድ እንደ ጀልባ ሾጥጦ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራው፣ የፍንዳታው ኃይል ወደ ጎንና ወደ ጎን እንዲበተን ነው። የነጂው ሞት የታሰበበት ስለሆነ ነው ቅርጹ እንዲህ የሆነው። ብዙው ነጂ ደግሞ ወደ መሪው የመጣው የጀግንነት ወይም የክፋት ጥማት ይዞት አይደለም። መንጃ ፈቃድ እንጀራ ነው፤ ሠራዊት ደግሞ ለድኃ ልጅ ያለ ክፍያ መንዳት የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው። እምቢ ያለ ሰው የሚጠብቀው ምን እንደሆነ በእርሱ ቦታ ያልተቀመጠ ሰው ሊገምት እንጂ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ጥያቄው «ለምን አልሞትክም?» አይደለም። ማንም ማንንም እንዲህ ብሎ የመጠየቅ መብት የለውም። ትክክለኛው ጥያቄ «በእጅህ የቀረችውን ምን አደረግህባት?» የሚል ነው።

በነጂ እጅ ሁልጊዜ የምትቀር ነገር አለች። ወዴት እንደሚሄድ አይወስንም፤ እንዴት እንደሚሄድ ግን ብዙውን ጊዜ እርሱ ይወስናል። በመንደር ሲያልፍ እግሩን ከነዳጅ ላይ የሚያነሣው እርሱ ነው። ከኋላ ያሉት ሰዎች ውኃ ሲጠይቁ ጀሪካኑን የሚያቀብለው ወይም ሞተሩ ድምፅ ስላለው አልሰማሁም የሚለው እርሱ ነው። መንገድ ዳር የወደቀ ቁስለኛ ሲያይ ቦታ የለም የሚለው ወይም ረዳቱን ወደ ኋላ አውጥቶ ጋቢና የሚያስገባው እርሱ ነው። እነዚህ ነገሮች በጦርነቱ ውጤት ላይ የሚያመጡት ለውጥ የለም። በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ግን ሙሉውን ለውጥ ሊያመጡ ይችላሉ። ታላላቆቹ ውሳኔዎች ከእጁ የተወሰዱበት ሰው በእነዚህ ታናናሾች ይመዘናል።

የመልሱ ጉዞም አለ። ጥይት ይዞ የሄደ መኪና ባዶውን አይመለስም፤ ቁስለኛና አስከሬን ይዞ ይመለሳል። የ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነቶች ቁስለኛ ማጓጓዝን ብቻ ሥራው ላደረገ ነጂ ከለላ ይሰጣሉ፤ ያው አምቡላንስ ጥይት ከጫነ ከለላው ይቀራል። ጭነቱ ሲለወጥ ነጂው በሕግ ፊት ሌላ ሰው ይሆናል። ይህ በቅርቡ ጦርነትም ታይቷል። ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ 2021 ድረስ እርዳታ ጭነው ትግራይ ከገቡት 466 መኪኖች የተመለሱት 38 ብቻ መሆናቸውን የተባበሩት መንግሥታት አስታወቀ። ነዳጅ አጥተው ነው ያለም፣ ለጦርነት ውለው ነው ያለም ነበር፤ ወገኖቹ እርስ በርሳቸው ተካሰሱ። በዚያ ክርክር መካከል ዱቄት ይዞ የሄደው ነጂ ምን እንደሆነ የጠየቀ ጥቂት ነው። ታዲያ ያመጣው ቁስለኛ ከወሰደው ጥይት ጋር ተቀናንሶ ሒሳቡ ይዘጋል? አይዘጋም። ሰው እንደ ነዳጅ አይለካም፤ የዳነው የሞተውን አይተካውም። ነገር ግን መልካሙ ጉዞ አንድ ነገር ያረጋግጣል። ያ ነጂ ፈረስ አልነበረም፤ ማዘን የሚችል፣ መምረጥ የሚችል ሰው ነበር። ያዳነው የሚያስመሰግነው በዚህ ነው፤ ያደረሰው የሚያስጠይቀውም በዚሁ ነው።

ጦርነት ካበቃ በኋላ ደግሞ ከነጂው በቀር ብዙ ሰው የማይከፍለው አንድ ዕዳ ይቀራል። ያዘዘው ሰው ብዙ ጊዜ ቦታውን አያውቀውም፤ ቢሮ ሆኖ ፈርሟልና። የተኮሰው ሰው በጨለማ መጥቶ በጨለማ ተመልሷል። መንገዱን ኪሎ ሜትር በኪሎ ሜትር፣ ድልድይ በድልድይ የሚያስታውሰው ነጂው ነው። የት ከዋናው መንገድ እንደወጣ፣ የት እንዳቆመ፣ መኪናው መቼ እንደቀለለ ያውቃል። ኬምፕካ በኑረንበርግ የተጠራው ለዚህ ነበር፤ ሾፌር ሰውን ለመጨረሻ ጊዜ የት እንዳየው ሊናገር ይችላልና። በ1990ዎቹ የአርጀንቲና የአጽም ምርመራ ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የቀይ ሽብር ሰለባዎችን አጽም ሲያወጡና ሲለዩ ረድተዋል። በ2010 በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም ከመቃብር የወጣ አጽምን በመስተዋት ውስጥ አኑሯል። አጽማቸው ያልተገኘ ግን ብዙዎች ናቸው። ከዚያም በኋላ በመጡት ጦርነቶች ልጃቸው የት እንደወደቀ የማያውቁ ወላጆች በዚህ አካባቢ አገሮች ሁሉ አሉ።

ያ የሃያ ሁለት ዓመት ነጂ ዛሬ ሽማግሌ ሆኗል ይባል። ምናልባት በአንድ የጎረቤት አገር ከተማ የራሱን ሚኒባስ ይነዳል፤ ምናልባትም ዐይኑ ደክሞ መንዳት አቁሟል። አንዲት እናት ደጁን አንኳኩተው ቢገቡና «ልጄ፣ አልወቅስህም። የት እንዳወረድከው ብቻ ንገረኝ» ቢሉት፣ እስካሁን የቆመባቸው ሦስት መከላከያዎች ሁሉ ከንቱ ይሆናሉ። አላውቅም ነበር ቢል፣ ስለ ምክንያቱ አልጠየቁትም። ታዝዤ ነው ቢል፣ ዛሬ የሚያዘው የለም። ሌላ ይነዳው ነበር ቢል፣ ሌላ አልነዳውም፤ መንገዱን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው። የቀረው ሁለት መልስ ነው፤ «እማማ፣ ቦታውን አሳይዎታለሁ» ወይም ዝምታ።

በዚያች ቅጽበት የሚመርጠው ነገር ሃያ ሁለት ዓመት ሳለ ከመረጠው የበለጠ የራሱ ነው። ያኔ በጠመንጃ አፈሙዝ ስር ነበር፤ ዛሬ ከኅሊናው በቀር የሚያስገድደው የለም። ዝም ካለ ያን ሌሊት ዳግመኛ ነድቶታል፤ በዚህኛው ጉዞ አዛዥ የለውም። ከተናገረ ያለፈውን አይለውጥም፤ የሞተም አይነሣለትም። አንዲት እናት ግን የምታለቅስበት ቦታ ታገኛለች። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ የት እንዳደረሰም ሲጠየቅ አይናገርም። ነጂ ግን አፍ አለው።